ስለ ቀኖና፤ በመጻሕፍት፣ በዜማና በቅኔ

ቀኖና የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው መጽሐፍን አይደለም። ባላገሩ ቀኖና ሲል የነፍስ አባቱ ኑዛዜውን ከሰሙ በኋላ የሚያዙትን ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት ማለቱ ነው፤ ቀኖና ተቀበለ፣ ቀኖናውን ፈጸመ ይባላል። ካህናቱ በዚህ ላይ ሁለተኛ ትርጓሜ ጨምረው የቤተ ክርስቲያንን ሕግና ሥርዓት ቀኖና ይሉታል። ሦስተኛው ትርጓሜ፣ ይኸውም ከሌሎች ተለይተው የተቈጠሩና ሥልጣን ያላቸው መጻሕፍት ዝርዝር ማለት፣ በሊቃውንት ጉባኤና በዘመናዊ ትምህርት ቤት ካልሆነ በቀር እምብዛም አይሰማም።

ሦስቱም ግን ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ቃሉ የግሪክ ካኖን ሲሆን፣ እርሱም ሸምበቆ ከሚለው ስም የወጣ ነው፤ ይህንም ስም ግሪኮች ከሴማውያን እንደ ተቀበሉት የቋንቋ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ የዕብራይስጡ ቃኔ ዘመዱ ነው። ግንበኛውና አናጢው የሥራውን ቅንነት የሚለካበት ዘንግ ካኖን ተባለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ቀራጺ ፖሊክሊቶስ ስለ ሰው አካል መጠን የጻፈውን መጽሐፍ በዚሁ ስም ጠራው፤ የድምፅን ርቀት በአንድ ክር የሚመረምሩ የሙዚቃ ጠቢባንም መሣሪያቸውን ካኖን አሉት። በኋላ የቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን በዘጠኝ ክፍል የሚደረሰውን ድርሰት ካኖን ብላ ሰየመች። በሥነ ጽሑፍ ረገድ ግን ስያሜው ብዙ ሰው እንደሚገምተው ጥንታዊ አይደለም። የእስክንድርያ ሊቃውንት የተመረጡ ደራስያንን ዝርዝር ቢያዘጋጁም፣ ዝርዝሩን ካኖን ብሎ የጠራው በ1768 የጻፈው ዳቪድ ሩንከን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ጥንተ ትርጉሙ መለኪያ ማለት ነው እንጂ ዝርዝር ማለት አይደለም። ይህ ልዩነት ጥቃቅን ነገር ቢመስልም፣ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለሚመረምር ሰው ብዙ የሚያሳስት ወይም ብዙ የሚያቃና ነገር ነው። ቀኖናን በዝርዝር መዘጋት ብቻ የሚያውቅ መርማሪ ወደ መጻሕፍቱ ቢመጣ ቍጥሩ ታውቆ ዝርዝሩ የተለያየ ሆኖ ያገኘዋል፤ ወደ ዜማው ቢመጣ በብራና ላይ የተጻፈው ምልክት ብቻውን አልናገር ይለዋል፤ ወደ ቅኔው ቢመጣ ደግሞ ትናንት የተመሰገነው ድርሰት ዛሬ እንዳይደገም የተከለከለ ሆኖ ያየዋል። ከዚህ በኋላ ሥርዓት የለም ብሎ ለመፍረድ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል፤ ይህንም እርምጃ የተራመዱ ጥቂቶች አይደሉም።

ነገሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንግዳ ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ በ367 ለግብፅ አብያተ ክርስቲያናት በላከው 39ኛ የፋሲካ መልእክቱ ዛሬ ክርስቲያኖች የሚስማሙባቸውን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ቈጥሮ ወሰነ። በዚሁ መልእክት፣ በቅብጥ ቋንቋ በተጠበቀው ክፍል፣ በሄኖክ ስም የሚጠሩትን መጻሕፍት ከሙሴ በፊት መጽሐፍ አልነበረም በሚል ምክንያት ነቅፏቸዋል። ይሁን እንጂ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ የአክሱም የመጀመሪያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። መንበሩ የእስክንድርያ፣ ሹመቱ የአትናቴዎስ የሆነው ቤተ ክርስቲያን ግን አትናቴዎስ የነቀፈውን መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግእዝ አስተርጕሞ እስከ ዛሬ ድረስ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ ያነበዋል።

መጽሐፈ ሄኖክ በሐዲስ ኪዳን በይሁዳ መልእክት ተጠቅሷል፤ ጠርጡልያኖስም ተሟግቶለት ነበር። በግሪክና በላቲን ዓለም ግን ከንባብ ወጣ፤ ከጥቂት ቍርጥራጮች በቀር ጠፋ። 108 ምዕራፎቹ በሙሉ የተገኙት በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ በ1773 አውሮፓ ሲገባ ሦስት ቅጂዎች ይዞ ነበር። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው፤ ኦጉስት ዲልማን በ1851 የግእዙን ንባብ ከብዙ ቅጂዎች አመሳክሮ አሳተመው። ከዚያም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን በ1952 ከተከፈተው 4ኛው ዋሻ የአራማይክ ቍርጥራጮች ወጡ፤ ዩዜፍ ሚሊክ በ1976 ሲያሳትማቸው የግእዙ መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተደረሰ የአይሁድ መጽሐፍ ትርጉም እንደ ሆነ በብዙው ተረጋገጠ። ምሳሌያት የሚባለው ክፍል፣ ማለትም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ በቁምራን አልተገኘም፤ እርሱ ዛሬም በግእዝ ብቻ ይገኛል። የመጽሐፈ ኩፋሌም ታሪክ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሁለቱንም መጻሕፍት ቤተ እስራኤልም በግእዝ ጠብቀው ይዘዋቸዋል፤ ስለዚህ የመጻሕፍቱ ክብር በአንድ ሃይማኖት አጥር ውስጥ ተወስኖ አልቀረም።

መጽሐፍ ለ1500 ዓመት ያህል ሳይጠፋ የሚቈየው ማን ሲጠብቀው ነው? ዝርዝር አይጠብቀውም። ይህ በተለይ ስለ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ሲነገር ግልጽ ይሆናል። ቍጥሩን የማያውቅ ካህን የለም፤ በቍጥሩም የሚከራከር የለም። ዝርዝሩ ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ አይሆንም። በ13ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ አገር ኢብን አል ዐሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት 81 ብሎ ይጀምራል፤ በስም የሚጠራቸው መጻሕፍት ግን አንድ በአንድ ቢቈጠሩ ከዚያ ያንሳሉ። የጐደለውን ለመሙላት ሊቃውንቱ በሁለት መንገድ ሄደዋል። አንደኛው ብሉይን 46 ሐዲስን 35 ያደርጋል፤ በሐዲስም ከ27ቱ ሌላ አራት የሲኖዶስ ክፍሎችን፣ ሁለት የመጽሐፈ ኪዳን ክፍሎችን፣ ቀሌምንጦስንና ዲድስቅልያን ይቈጥራል። ሁለተኛው ሐዲስን በ27 ወስኖ ብሉይን 54 ያደርሳል፤ ይህም የሚሆነው አንዳንዱን መጽሐፍ ከፍሎ በመቍጠር ጭምር ነው። ሁለቱም 81 ይላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው ይባላል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በሐዋርያት ስም በተጻፉት ቀኖናት ውስጥ 85ኛው ቀኖና ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲቈጥር ራሱ የተያያዘበትን የሥርዓት መጽሐፍም ከመጻሕፍቱ ጋራ ይቈጥራል። በኢትዮጵያም ሲኖዶስ የመጻሕፍትን ቍጥር ይናገራል፤ ራሱም ከሚቈጠሩት አንዱ ነው። ቈጣሪው ከመንጋው መካከል ሆኖ እንደሚቈጥር እረኛ ነው።

ሮጀር ካውሊ የተባለው እንግሊዛዊ መርማሪ በ1974 ስለዚህ ጉዳይ ባሳተመው ጽሑፍ ሰፊውንና ጠባቡን ቍጥር ለይቶ ካስረዳ በኋላ፣ የቀኖና ሐሳብ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ይልቅ የላላ ነው ወደሚል አስተያየት ደርሷል። ጽሑፉ እስከ ዛሬ ከተጻፉት ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ሆኖም ላላ የሚለው ቃል ትክክል የሚሆነው ዘንጉ ዝርዝር ሲሆን ብቻ ነው። የትኛው መጽሐፍ በቅዳሴ ጊዜ ይነበባል፣ የትኛው በጉባኤ ይተረጐማል፣ የትኛውስ በፍርድ ጊዜ ይጠቀሳል ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሚገኘው መልስ የላላ አይደለም።

መጽሐፍ በፍርድ ጊዜ የሚጠቀስ ሲሆን የቍጥሩ ነገር የስም ክርክር ብቻ ሆኖ እንደማይቀር በ14ኛውና በ15ኛው ምዕት ዓመት የሆነው ነገር ያሳያል። አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርቱ ከእሑድ ጋራ ቀዳሚት ሰንበትም ትከበር ዘንድ ያስተምሩ ነበር። ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ይህን እንደ አይሁድ ሥርዓት አድርገው ነቀፉት። ኤዎስጣቴዎስ አገሩን ትቶ ወጣ፤ በ1352 ገደማ በአርመን አገር ሞተ። ተከታዮቹ ክህነት ተከለከሉ፤ ከቤተ መንግሥትና ከታላላቅ ገዳማት ተለይተው በሰሜን ጠረፍ የየራሳቸውን ገዳም ተከሉ። ክርክራቸው በአሥርቱ ትእዛዛት ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ሐዋርያት ሠሩት በሚባለው ሲኖዶስና በዲድስቅልያ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ታዝዟል ብለው ይጠቅሱ ነበር። እንግዲህ ሲኖዶስ ከሰማንያ አሐዱ አንዱ ከሆነ የእስክንድርያ ጳጳስ እንኳ ሊሽረው አይችልም፤ ካልሆነ ግን ኤዎስጣቴዎሳውያን ያለ ማስረጃ ይቀራሉ።

ዐፄ ዳዊት በ1404 ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ደግሞ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው፣ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት በመላው መንግሥት እንዲከበሩ አስወሰኑ። በንጉሡ ስም በሚጠሩት ድርሰቶች ሰማንያ አሐዱ የሚለው ቍጥር ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ለመጽሐፈ ሄኖክም ክብር ይሟገታሉ። ንጉሡ ይህን ያደረጉት ለመጻሕፍት ፍቅር ብቻ ነው ማለት የዋህነት ይሆናል፤ የተከፈለች ቤተ ክርስቲያን የተከፈለ መንግሥት እንደ ሆነች ያውቁ ነበር። የማይስማሙትንም በብርቱ ቀጥተዋል። ከዚህ የሚታየው ቍም ነገር ግን የመጻሕፍቱ ሥልጣን የታወቀው ስማቸው በሰሌዳ ስለ ተጻፈ ሳይሆን አንድ ወገን ስለ እነርሱ ሲል ከክህነትና ከርስት ለመለየት የቈረጠ በመሆኑ ነው።

የትርጓሜውን ትምህርት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የአንድምታ መምህር አንዱን ኃይለ ቃል በአንድ መንገድ ከተረጐመ በኋላ አንድም ብሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጨምራል። ተማሪው የሚመርጠው የለም፤ ሁሉንም በተሰጠው ተራ ያጠናል። የተወሰነው አንድ ትርጓሜ ሳይሆን የትርጓሜዎቹ ብዛትና ተራ ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት ልዩነትም እንዲሁ ተጠብቆ ይኖራል።

ዜማው ሌላ ነው። ትውፊት ድጓን በ6ኛው ምዕት ዓመት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት ለነበረው ለአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም ከእርሱ እንደ ተገኙ ይነገራል። ዛሬ በእጅ ያሉት ብራናዎች ግን ብዙ ዘግይተው የተጻፉ ናቸው፤ ከያሬድ በኋላ ለተነሡ ቅዱሳን የተደረሱ ክፍሎችንም ይዘዋል። የትውፊት ሰው ይህን ሲሰማ ሊቈጣ አይገባውም፤ የታሪክ ተማሪም በዚህ ትውፊቱን ድል የነሣ ሊመስለው አይገባም። ያሬድ የሚለው ስም በዜማ ቤት የአንድ ሰው ስም ብቻ ሳይሆን የመለኪያው ስም ነው። ኋላ የተደረሰው ክፍል በያሬድ ዜማ ከተዜመ የያሬድ ነው።

የጥንቱ የዜማ ብራናዎች ቃሉን ይጽፉ ነበር እንጂ ዜማውን አይጽፉም። ዜማው ሁሉ በቃል ነበር። ከ1529 እስከ 1543 በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ብዙ ገዳማትና መጻሕፍት ሲቃጠሉ፣ መምህራኑም ሲሞቱ፣ በቃል ብቻ የሚኖር ነገር ምን ያህል ለጥፋት የቀረበ እንደ ሆነ ታየ። ከዚያ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክት እንደ ሠሩ ትውፊት ይናገራል፤ ምልክት ያለባቸው ብራናዎች መታየት የሚጀምሩትም ከ16ኛው ምዕት ዓመት ወዲህ ነው። ድጓው በጋይንት በቤተ ልሔም ከጥፋት ተርፎ ተገኘ ተብሎ ይነገራል፤ የቤተ ልሔም የምስክርነት ክብርም ከዚህ ጋራ ይያያዛል።

ስለ ምልክቱ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ያለው በዚህ ነውና። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቍርጥ የሚባሉት ድምፅ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንደሚወርድ፣ እንደሚንቀጠቀጥና እንደሚቈረጥ ያሳያሉ። ከእነዚህ ሌላ ግን ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፉ ከ500 የሚበልጡ ምልክቶች አሉ። እነዚህ እንደ አውሮፓ ኖታ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ አይለኩም። እያንዳንዱ ምልክት ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ከአንድ የታወቀ ክፍል የተቈረጠ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው፤ ትርጉሙም ይህን ቃል እንደዚያ ቃል አዚመው ማለት ነው። ስለዚህ የመነሻውን ክፍል ላላጠና ሰው ምልክቱ ምንም አይናገርም፤ ለሚያውቀው ደግሞ አንዲት ፊደል ሙሉ ሐረገ ዜማ ትጠራለታለች። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማውን ከመምህሩ አፍ አውጥተው ለብራና አልሰጡትም፤ መምህሩ ከሌለ የማይነበብ ጽሕፈት አቈሙ። ይህን እንደ ጕድለት የሚቈጥሩ አሉ። ሐሳቡን ላስተዋለው ግን መጽሐፉ ብቻውን መምህር እንዳይሆን የተደረገ ጥንቃቄ ይመስላል።

ስለዚህም የዜማው ቀኖና ቦታና ሰው ነው። ድጓን በሌላ አገር ለብዙ ዓመት የተማረ ሰው፣ መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎና ምልክቱን አኑሮ፣ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ ይታረማል፤ ሲበቃው ያስመሰክራል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይኬዳል። የቆማ፣ የአጫብርና የተጕለት ዜማዎች ከቤተ ልሔም ይለያሉ፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ዜማው ይለያያል፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን መናፍቅ አይለውም። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባሳተሙት ጥናት የየዘመኑን ብራናዎች ከዛሬ መሪጌቶች ዜማ ጋራ አስተያይተዋል። የጥናታቸው ትልቁ ጥቅም፣ መሪጌታው በአፉ የሚያውቀውን ብራናው ከተሸከመው ጋራ ሳይነጣጥሉ መመርመራቸው ነው።

ቅኔ ግን የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ይመስላል። የድጓ ተማሪ አንዲት ድምፅ ከራሱ ቢጨምር ይገሠጻል፤ የቅኔ ተማሪ ደግሞ ከራሱ ካልጨመረ ይገሠጻል። ትናንት በመቅደስ የተቀኘውን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብም በማኅበሩ ፊት ያፍራል። ይሁን እንጂ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት አንሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ድረስ የቤቱ ቍጥር፣ የዜማው ልክ፣ በበዓሉ ሥርዓት ውስጥ የሚገባበት ስፍራ ሁሉ የተወሰነ ነው። ሰዋስዉም እንዲሁ። ተማሪው በቈጠራ ይጀምራል፤ ይኸውም ፍሬ ነገሩ ሳይጠየቅ ልኩን መሙላት ነው። ቀጥሎ ወርቁን ከሰሙ ማስማማት ይማራል፤ በመጨረሻም ዘረፋ ይደርሳል፤ ሳይጽፍ፣ ሳያስብ በሚመስል ፍጥነት በቆመበት ይቀኛል። ስሙ እንደሚያሳየው ከሰማው ሁሉ እየነጠቀ የራሱ ያደርጋል። እዚህ ላይ ቀኖና ወደ ጥንተ ትርጉሙ ይመለሳል፤ ዘንጉ አለ፣ የሚለካው እንጨት ግን በየቀኑ አዲስ ነው።

በዚህ ምክንያት የታላላቅ ቅኔ መምህራን ድርሰት በብዛት ጠፍቷል፤ የቀረውም በደቀ መዛሙርት ቃል እየዞረ ባለቤቱ የሚያከራክር ሆኗል። በ20ኛው ምዕት ዓመት አንዳንድ ሊቃውንት የተመረጡ ቅኔዎችን ሰብስበው ማሳተም ጀመሩ። መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም የታተመው ቅኔ ለመቀኘት የማይሆን፣ ለመነበብ ብቻ የሚሆን ሌላ ነገር ሆነ። በጎንጅ፣ በዋሸራና በዋድላ መምህራን መካከል የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክርም ከጉባኤ ወጥቶ ወደ መጻሕፍት መሸጫ ገባ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት ካታሎግ ሲያሳትሙ የሚሻለውን ከማይሻለው አልለዩም፤ የሚገኘውን መዘገቡ። ዛሬ ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ቀኖና የሚከራከሩ ሰዎች ያን ትሕትና ቢያስተውሉት ይጠቅማቸው ነበር።

ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር፤ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትም በዚህ ተጠብቀዋል። የሄኖክና የኩፋሌ ጥንታውያን ቅጂዎች ሳይቀሩ ለመርማሪው ቀረቡ። ለመጻሕፍቱ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ለድጓው ግን የግማሹን ያህል እንኳ አይሆንም፤ ፊልሙ የሚያነሣው ምልክቱን ነውና፤ ምልክቱ የሚጠራው ሐረግ ያለው በመሪጌታው ጕሮሮ ነው። በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ መምህራኑ የሚተዳደሩበት የቤተ ክርስቲያን ርስትና ሰሞን ቀረ፤ ብዙ ጉባኤ ቤቶች ተማሪ አነሳቸው። ወደ ቤተ ልሔም ለምስክርነት የሚወጣው ተማሪ ዛሬም ድጓውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ መምህሩም መጽሐፉን ገልጠው ሳያዩ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል።